የጤና ነገር፦ ሁሉም «ማኅፀን» አይደለም

ባለፈው ሳምንት ስለ ደም ግፊትና ስለ ጨው የጀመርኩትን በዚህ ሳምንት እጨርሳለሁ ብዬ ቃል ገብቼላችሁ ነበር። ቃሌን አጠፍኩ። ጨው የትም አይሸሽም። የዛሬው ነገር ግን ሲያድር የሚከፋ ነው፤ ደግሞም የአንዲት እናትና የልጅዋ አደራ አለብኝ። «እኛ ያየነውን ሌላ ሰው እንዳያይ ጻፊው፤ ስማችንን ብቻ አታውጪ» ብለውኛል። ስለዚህ ስም የለም፤ ከተማም የለም።

ነገሩ በስልክ ጀመረ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ግድም ነው።

«ሲስተር፣ ተኝተሽ ነበር? ልጄ አዋረደችኝ» አለችኝ እናቲቱ። ድምፅዋ የለቅሶ ቤት ድምፅ ነበር። «ሆዷ ገፍቷል። ከፋርማሲ የሚሸጠውን የሽንት ምርመራ ገዝቼ አስገደድኳት። ሁለት መስመር ወጣ። ከዚህ ወዲያ በምን ዓይኔ ሰው ፊት እቆማለሁ?»

ልጅቱን አውቃታለሁ። 19 ዓመቷ ነው፤ የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ማታ ማታ ትሠራለች። እሑድ እሑድ ነጠላዋን ሰፋ አድርጋ መከናነብ ከጀመረች ሁለት ወር እንደሆናት እኔም ታዝቤ ነበር፤ መቼም ሐበሻ አይደለሁ? ስልኩን ለእሷ ስጫት አልኩ። ለረጅም ጊዜ ሳግ ብቻ ነበር የሚሰማኝ። ኋላ ግን «እትዬ፣ ወንድ አላውቅም። እርስዎ እንኳን ይመኑኝ። እማዬ አላመነችኝም» አለችኝ።

እኔ አመንኳት። ከእናቲቱ ይልቅ ደግ ሆኜ አይደለም፤ በሥራዬ ምክንያት የማውቀው ነገር ስላለ ነው። የሽንቱ ምርመራ ፅንስን አያይም። የሚያየው በእርግዝና ጊዜ የእንግዴ ልጁ የሚያመነጨውን ኤች ሲ ጂ የሚባል ሆርሞን ነው። ይህንኑ ሆርሞን ደግሞ የሴት ልጅ እንቁላል ከሚገኝበት ቦታ የሚነሱ አንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች ያመነጩታል። ሆዱ ይገፋል፤ ምርመራው «አዎን» ይላል፤ ልጅቱ ግን ድንግል ልትሆን ትችላለች። ሆድ ካገር ይሰፋል የሚለው ያገሬ ሰው ይህንን ሳያውቅ የተናገረው አይመስለኝም።

በማግሥቱ ሆስፒታል ሄዱ። እኔ ከሥራ እስክወጣ ድረስ ቀድመውኝ ነበር። አልትራሳውንድ ተነሣች። ማኅፀንዋ ባዶ ነው። በቀኝ በኩል ግን ስፋቱ 17 ሴንቲሜትር የሆነ እብጠት ተቀምጧል። እናቲቱ «እርጉዝ አይደለችም» ሲሏት እልል ልትል ቃጥቷት ነበር አሉ፤ ቀጥሎ የመጣውን ቃል ስትሰማ ግን እግሯ ከዳት።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ የመጣው። እናቲቱ እንግሊዝኛዋ ለሥራዋ ይበቃል፤ ለካንሰር አይበቃም። ልጅቱ ሕመሙ በርትቶባት መድኃኒት ተሰጥቷት አንቀላፍታለች። አስተርጓሚ የሚጠራ ሰው ጠፋና የ12 ዓመቱ ወንድሟ ቆሞ ያስተረጉም ነበር። ሐኪሙ በኋላ ለእኔ እንደደገመልኝ ያለው ይህን ነው፦ «የቀኙን ኦቫሪ ከነቱቦው እናወጣለን። ማኅፀኑንና የግራውን ኦቫሪ እናያቸዋለን፤ ንጹሕ ከመሰሉ አንነካቸውም።» ልጁ ምን ብሎ ተረጎመው? «ማሚ፣ የምትወልድበትን ነገር ያወጡታል አለ።» ምን ያድርግ፣ በየትኛው አማርኛው! እናቲቱም ደረቷን መታች፤ «ያውጡት! ሁሉንም ያውጡት! እሷ ትትረፍልኝ እንጂ የልጅ ልጅ ይቅርብኝ» አለች። ልጁ ይህንኑ በእንግሊዝኛ መልሶ ነገረ። እኔ ስደርስ ቤተሰቡ ሁሉም እንዲወጣ ፈልጓል የሚል ነገር መዝገቡ ላይ ሰፍሮ ነበር።

አያችሁ፣ አንዲት የ19 ዓመት ልጅ ተኝታ ሳለች በሦስት ሰዎች አፍ ዞሮ ማኅፀንዋ ሊሄድ ነበር። ከሦስቱ አንድም ክፉ ሰው አልነበረም።

የቋንቋችንን ነገር ላንሣ። በአማርኛችን ከእምብርት በታች ያለው የሴት ዕቃ ሁሉ «ማኅፀን» ነው። ማኅፀን ታመመች፤ የማኅፀን ካንሰር ያዛት፤ ማኅፀንዋ ወጣ እንላለን። ፈረንጅ ግን ለየብቻው ስም ሰጥቶታል። ፅንሱ የሚያድርበት ማኅፀን አንድ ነገር ነው። የማኅፀን በር ሌላ ነው። እንቁላል የሚቀመጥባቸውና የሚበስሉባቸው፣ በማኅፀን ግራና ቀኝ ያሉ፣ እያንዳንዳቸው ከለውዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ሁለት ኦቫሪዎች ደግሞ ሌላ ናቸው። በአማርኛ የእንቁላል ዕጢ የሚላቸው አለ፤ ነገር ግን «ዕጢ» ስንል እብጠቱንም ማለታችን ስለሆነ ሰው ይበልጥ ይደናገራል። እኔ እዚህ ኦቫሪ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ቋንቋ አዋቂዎች ይቅር በሉኝ።

ልብ በሉልኝ፤ እነዚህ ሁለት ናቸው። አንዱ ቢወጣ ሌላው ብቻውን የወር አበባውንም፣ ሆርሞኑንም፣ እንቁላሉንም ይሠራል። አንድ ኦቫሪና ማኅፀን ያላት ሴት ማርገዝ ትችላለች። ይህን የማታውቅ እናት «ግማሹን አውጥተው ግማሹን ከተውማ በሽታውን ተውት ማለት ነው» ትላለች። የኛይቱም ያለችኝ ይህንኑ ነው።

ለምንድነው ታዲያ መተው የሚቻለው? ስለ ኦቫሪ ካንሰር ሲወራ የሰማችሁት አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትልልቅ ሴቶች ነው። አሜሪካ ውስጥ በዚህ በሽታ ከሚያዙት ግማሽ የሚሆኑት 63 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ናቸው። የእነሱ ዓይነት ከኦቫሪው ሽፋን የሚነሣ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚገኘውም ሆድ ውስጥ ከተበተነ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ይወጣል። በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉትን ልጆች የሚይዘው ግን በአብዛኛው ከራሳቸው ከእንቁላል ሕዋሳት የሚነሣው ነው። ይህ ሌላ አውሬ ነው። በፍጥነት ያድጋል፤ በሳምንታት ሆድ ይነፋል። ብዙውን ጊዜ ግን በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ለመድኃኒትም ይንበረከካል። በጊዜ ከተደረሰበት ከ100 ልጆች ከ90 በላይ ይድናሉ። ከኦቫሪው አልፎ ሄዶ ቢገኝ እንኳ ሐኪሞች ማኅፀኑንና ደህናውን ኦቫሪ ትተው የቀረውን በመድኃኒት ማጥፋት ይችላሉ።

ሌላም አለ። ካንሰር ነው እንዳይሉት የማይወር፣ አይደለም እንዳይሉት ሙሉ በሙሉ ደህና ያልሆነ፣ በድንበር ላይ የቆመ የሚሉት ዓይነት ነው። ከሚይዛቸው ሴቶች ሢሶው ያህል ከ40 ዓመት በታች ናቸው። እዚህም ላይ መውለድ ለምትፈልግ ሴት ማኅፀንዋና ሌላው ኦቫሪዋ ሊተርፉላት ይችላሉ። ቢመለስ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው በድንበሩ ላይ እንዳለ ይመለሳል፤ እንደገና ይወጣል። ክትትል ግን ዓመታት ይፈጃል፤ «ዳንኩ» ብሎ መጥፋት የለም።

የትልልቆቹ ዓይነት ወጣቷን ከያዛትስ? እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄው። በአንድ ኦቫሪ ውስጥ ብቻ ተወስኖ ከተገኘና ሕዋሳቱ እጅግ ያልከፉ ከሆኑ አንዱን ብቻ አውጥቶ ሌላውን መተው ይቻላል። ሆድ ውስጥ ከተበተነ ግን አይሆንም። ያኔ «ለልጅቱ መውለጃ እንተውላት» የሚል ዘመድ ለልጅቱ መቃብር እየቆፈረ ነው። ይህን መራራ ቃል የምናገረው ተስፋ ለመሸጥ እንዳልተነሣሁ እንድታውቁልኝ ነው። የተስፋ ነጋዴ በከተማችን ሞልቷል፤ በጠርሙስም ይሸጣል።

ወደ ልጅቱ ከመመለሴ በፊት የራሴን ጉድ ልናገር። ለማንም ነግሬው አላውቅም።

በ1987 በፈረንጅ አቆጣጠር ሱዳን ነበርን። ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል የምትኖር ጓደኛዬ፣ 22 ዓመቷ ነበር፣ ሆዷ እያበጠ መጣ። የት እንደነበር አልናገርም፤ ሆስፒታል ገባችና ተቀደደች። እኔ በቁስል አጣቢነት ስለምሠራ ውስጥ ገብቼ ነበር። እብጠቱ በአንድ ወገን ነበር። ሁሉንም አወጡት፤ ማኅፀኑን፣ ሁለቱንም። ሐኪሙን አልወቅስም። እብጠቱን በማይክሮስኮፕ የሚያይለት ሰው አጠገቡ አልነበረም፤ መድኃኒቱም አልነበረም። በዚያ ቀን እጁ ላይ የነበረው ቢላዋ ብቻ ነው። የምወቅሰው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። የእጮኛዋ አጎት ጠሩንና «እንዳትነግሯት፤ ልቧ ይሰበራል» አሉ። እሺ አልን። እኔም እሺ አልኩ። የወር አበባዋ ሲቀር «ከቀዶ ጥገናው ድካም ነው» አልኳት። በ22 ዓመቷ ላብ ላብ ሲላት፣ ሌሊት ስትቃጠል፣ «የካርቱም ሙቀት ነው» አልኳት። አግብታ፣ እዚህ አገር መጥታ፣ ስድስት ዓመት ስለት ተስላ፣ በመጨረሻ አንዲት ፈረንጅ ሐኪም በአምስት ደቂቃ ነገረቻት። ስልክ ደውላ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ታውቂ ነበር?» ያን ቀን የመለስኩላትን እዚህ አልጽፈውም።

እንግዲህ የዚያች ልጅ መዝገብ ላይ «ሁሉም ይውጣ» የሚለውን ሳይ በደሜ ውስጥ ምን እንደሮጠ ገምቱ። ድምፄን ሳላሰማ አልቀረሁም። አስተርጓሚ ይጠራ አልኩ። ይህ ልመና አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ ቋንቋ ለማይችል በሽተኛ በነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ መሠረቱም በ1964 የወጣው የሲቪል መብት ሕግ ነው። በአካል ባይገኝ በስልክ ይገኛል። ሕፃን ልጅ የእኅቱን የካንሰር ዜና እንዲያስተረጉም ማድረግ ነውርም ነው፣ ክልክልም ነው። ሁለተኛ፣ ልጅቱ ትንቃና ራሷ ትናገር አልኩ። 19 ዓመት የሞላት ሰው ናት፤ ፊርማው የእሷ ነው። የእናትም፣ የአጎትም፣ የእኔም አይደለም።

ነቃች። አስተርጓሚዋ በስልክ ቀረበች። ሐኪሙ እንደገና ከሀ ጀመረ። ልጅቱ የጠየቀችው ከእኛ ሁሉ የበለጠ ነበር፦ «ስትከፍቱኝ ካሰባችሁት የከፋ ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ?» ወገኖቼ፣ ይህ ጥያቄ ወርቅ ነው። ምክንያቱም የምንፈርመው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ «አስፈላጊ ሆኖ የተገኘውን ሁሉ» ይላል። የትኛው ነው አስፈላጊ? ከመተኛታችሁ በፊት ይነገር፤ ይጻፍ። እሷ ያስጻፈችው ይህን ነው፦ ሌላው ኦቫሪና ማኅፀኑ በዓይን ደህና ከሆኑ አይነኩ፤ ጥርጣሬ ካለ ናሙና ተወስዶ የመጨረሻው የምርመራ ውጤት ይጠበቅ፤ አስፈላጊ ከሆነ ሌላ ቀን ተመልሶ ይሠራል። በቀዶ ጥገናው መካከል ቁራጭ በረዶ አድርገው በችኮላ የሚያዩት ምርመራ ይረዳል እንጂ ሊሳሳትም ይችላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህም ይሠራል፤ የወጣ ማኅፀን ግን ተለቅሞ አይመለስም።

ቀዶ ጥገናውንም ማንም ይሥራው አይባልም። የሴቶችን ካንሰር ብቻ የሚሠሩ፣ በዚሁ የሠለጠኑ ሐኪሞች አሉ፤ እንደዚህ ያለ እብጠት ያለባት ልጅ ወደ እነሱ ትላክ። እብጠቱ ሳይፈነዳ በሙሉ መውጣት አለበት፤ ከፈሰሰ የበሽታው ደረጃ ይለወጣል። ሆዱ በሙሉ ይታያል፤ ከፈሳሹም፣ ከሞራውም ናሙና ይወሰዳል። ከቀዶ ጥገናው በፊትም ደም ተወስዶ ኤች ሲ ጂ፣ አልፋ ፊቶፕሮቲንና ኤል ዲ ኤች የሚባሉት ይለካሉ። የሽንቱን ምርመራ ያሳሳተው ሆርሞን በኋላ በሽታው መጥፋቱን የሚመሰክር እርሱው ይሆናል። አሳባቂው ምስክር ሆነ ማለት ነው።

ስለ መድኃኒቱ ትንሽ ላውጋችሁ፤ ታሪኩ ደስ ይለኛል። በ1960ዎቹ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባርኔት ሮዘንበርግ የሚባል ሰው የኤሌክትሪክ ኃይል በባክቴሪያ ላይ ምን እንደሚያደርግ ሊመረምር ተነሣ። ሁለት የፕላቲኒየም ዘንጎች ውስጥ አስገብቶ ኤሌክትሪኩን ለቀቀው። ባክቴሪያዎቹ መባዛታቸውን ትተው እንደ ክር እየረዘሙ ሄዱ። ኤሌክትሪኩ መስሏቸው ነበር፤ ኋላ ሲደርሱበት ከፕላቲኒየሙ ሟሙቶ የወጣው ነገር ነው ሕዋሳቱን ከመከፋፈል ያገዳቸው። ይህን የሚያደርግ ነገር ካንሰርንስ? ብለው ጠየቁ። በ1978 ሲስፕላቲን ተብሎ የአሜሪካ መንግሥት ፈቀደው። ከእርሱ በፊት ከእንቁላል ሕዋሳት የሚነሡት አንዳንዶቹ ካንሰሮች ቀዶ ጥገና ቢደረግላቸውም ልጆቹን ይገድሉ ነበር። ዛሬ ሲስፕላቲን ከኢቶፖሳይድና ከብሊዮማይሲን ጋር በየሦስት ሳምንቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ዙር ይሰጣል።

ቀላል ነው አላልኩም። ፀጉር ይረግፋል፤ ማስመለሱ ይበረታል፤ ጆሮ ይጮኻል፤ ኩላሊትንና ሳንባን በየጊዜው መመርመር ያስፈልጋል። ኦቫሪውንስ አይገድለውም ወይ? በዚህ ዕድሜ ላይ ያሉ አብዛኞቹ ልጆች መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ የወር አበባቸው ይመለሳል፤ ወልደውም የሳሙ ብዙ ናቸው። በመድኃኒቱ ጊዜና ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ግን ማርገዝ የለም፤ በሽታው ከተመለሰም አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው።

እንቁላል አውጥቶ በረዶ ቤት ማስቀመጥም አለ። ከበረዶ በወጣ እንቁላል የመጀመሪያው ልጅ የተወለደው በ1986 አውስትራሊያ ውስጥ ነው፤ የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር «ሙከራ» የሚለውን ስም ያነሣለት ግን በ2012 ነው። ለዚህ ሁለት ሳምንት ያህል መርፌ ያስፈልጋል። ካንሰር ባለበት ኦቫሪ ላይ ግን መርፌ አይሰካም፤ የታመመው ከወጣ በኋላ ከቀረው ነው የሚወሰደው። በፍጥነት በሚያድገው ዓይነት ደግሞ ሁለት ሳምንት መጠበቅ የማይቻልበት ጊዜ አለ። ይህን ልጅቱና ሐኪሟ ይመዝኑት። የኦቫሪን ቁራጭ አቀዝቅዞ በኋላ መልሶ መትከልም በ2004 ቤልጅግ ውስጥ ልጅ አስገኝቷል፤ የኦቫሪ ካንሰር ላለባት ግን በሽታውን መልሶ መትከል ሊሆን ስለሚችል ሐኪሞች ይፈሩታል።

ዋጋውስ? ይህ የስደተኛ ጥያቄ ነው፤ አላፍርበትም። በሜሪላንድ በ2018 የወጣ ሕግ በሕክምና ምክንያት መካን የመሆን አደጋ ላለባት ሰው ብዙ ኢንሹራንሶች የማስቀመጫውን ሂደት እንዲከፍሉ ያስገድዳል። ነገር ግን አሠሪው ራሱ ከኪሱ የሚሸፍናቸውን ትልልቅ ኢንሹራንሶች የስቴት ሕግ አይገዛቸውም፤ ስለዚህ ካርዳችሁ ላይ ያለውን ቁጥር ደውላችሁ ጠይቁ። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ከ2021 ወዲህ የሕዝቡ የጤና መድን ካንሰር ለያዛቸው ወጣት ሴቶች ይህን እንደሚሸፍን እወቁ። አዲስ አበባም ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2019 የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል፤ «እዚያማ ምንም የለም» እያልን የምናወራውን ቀስ እንበል።

ዓረብ አገር ያላችሁ እኅቶቼ ደግሞ። ያላገባች ሴት አርግዛ ስትገኝ እስር ቤት የምትገባባቸው አገሮች እንዳሉ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የሽንት ምርመራ «አዎን» ብሎ እናንተ ግን ራሳችሁን የምታውቁ ከሆነ አልትራሳውንድ አንሡኝ በሉ። አንድ ሥዕል ከውርደትም ከሞትም ያወጣል። ሆድ እየገፋ፣ በአንድ ወገን እያመመ፣ ጥቂት በልቶ መጥገብ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ማለት ሲኖር «ጨጓራ ነው» ብላችሁ ፌጦ አትጠጡ። ድንገት የሚቆርጥ ከባድ ሕመም ከመጣ እብጠቱ ተጠማዞ ሊሆን ይችላልና የሌሊት ሆስፒታል ነው።

የኛይቱ ልጅ የቀኙ ኦቫሪዋ ከነቱቦው ወጣ። ግራውና ማኅፀንዋ ቀሩላት። ከእንቁላል ሕዋስ የሚነሣው፣ የተደባለቀ የሚሉት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ሦስት ዙር መድኃኒት ወሰደች። ፀጉሯ ሲረግፍ እናቲቱ ነጠላ ልትጠመጥምላት ብትል እምቢ አለች፤ ኮፍያ አድርጋ ፈተናዋን ተፈተነች። ሰፈሩ ያወራው ተወርቶ አልቋል፤ «አስወርዳ ነው» ያሉም ነበሩ፤ እነማን እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ጋዜጣውን እንደሚያነቡም አውቃለሁ። እናትና ልጅ ግን ከዚያች ከሽንቱ ምርመራ ሌሊት ጀምሮ በልባቸው የተቋጠረው ገና አልተፈታም። «ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እሺ አለችኝ፤ ግን እንደ ድሮው አልጋዬ ላይ መጥታ አትተኛም» ብላኛለች እናቲቱ።

መድኃኒቱ ካለቀ በአምስተኛው ወር፣ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ስልኬ ጮኸ። እናቲቱ ናት። በሹክሹክታ ነው የምታወራው፤ ልጅቱ እንዳትሰማ ይመስለኛል።

«ሲስተር፣ ተኝተሽ ነበር? መጣላት እኮ! አሁን ሱቅ እየሄድኩ ነው፤ የትኛውን ልግዛላት?»

ስለ ጨው በሚቀጥለው ሳምንት።